ስምንተኛው ገጽ ቡሌ ቀረ

ሞጆ ተወልዶ ላደገ ሰው ወደ ደቡብ የሚሄድ አውቶብስ ብርቅ አይደለም። ሁሉም የሚታጠፉት በእኛ ሰፈር በኩል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ረዳቶቹ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ሞያሌ እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ ግን አንዱም ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። አሁን ሄጄ ተመልሻለሁና ለክፍሌ ልጆችም፣ ለጎረቤቶቻችንም፣ እንደ እኔ መንገዱን ቆመው ለሚያዩት ሁሉ፣ ያየሁትን ቀን በቀን ልንገራችሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ዮናታን ዲላ ባለው ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ ነው። የሚያጠናው በጌዴኦ ዞን ጎረቤት እየተጠራራ የሚሠራውን ሥራ ነው፤ ማን ማንን ይጠራል፣ ማንስ ሳይጠራ ይቀራል የሚለውን። ቡሌ ወረዳ አንድ ቤተሰብ ዘንድ እየተመላለሰ ብዙ ወር ደከመበት። አራተኛውን ምዕራፍ ለአማካሪው ሲያቀርብ ግን ዶክተሯ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው መለሱለት። "ሴቶቹስ የት አሉ?"

ሴቶቹን ቤት ድረስ ሄዶ ሲጠይቃቸው ባሎቻቸውን ያያሉ፣ "ደህና ነው" ይላሉ፣ ያበቃል። የልባቸውን የሚያወሩት እንሰት ሲፍቁ ነው። እንሰት ሲፋቅ ደግሞ እዚያ ወንድ አይጠጋም፤ ነውር ነው። ልትረዳው የነበረችው የክፍሉ ልጅ ሥራ አግኝታ ሄደች። እስከሚቀጥለው ሰኞ የሴቶቹን ይዞ ካልቀረበ መመረቁ ለከርሞ ሊተላለፍ ነው፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠው ፈቃድ ግን እስከ ከርሞ አይቆይለትም። እኔ በሴሚስተር እረፍት ላይ ነበርኩ።

"እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች?" አለችው እማዬ።

"መስማት ታውቃለች" አላት ዮኒ።

ይቺን ነገር እስካሁን ይዤያታለሁ።

ረቡዕ፣ ከሞጆ ዲላ

ማለዳ ተነሳን። እማዬ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ "እዚያማ ሙቀት ነው" ብላ ወፍራሙን ሹራቤን ከቦርሳዬ አወጣችው፤ እኔም እሺ አልኳት። ደቡብ ሲባል ለሁለታችንም ሐሩር ነበር የሚመስለን። ቀጭን ሹራብ ብቻ ለብሼ ሄድኩ። ይሄን አስታውሱልኝ።

መቂ ላይ ዮኒ በመረብ ሙሉ ሽንኩርት ገዛ። "ለእንግድነት ሽንኩርት ይወሰዳል እንዴ?" አልኩት። "ስኳርማ ሁሉም ሰው ይወስዳል" አለኝ። ባቱን እንዳለፍን ሹፌሩ ለከብት ፍሬን ሲይዝ መረቡ ተቀደደና ሽንኩርታችን በመቀመጫዎቹ ሥር ወደ ፊት ተንከባለለ። ሞጆ ገበያ ላይ የተንከባለለ ሽንኩርት የደረሰበት ሰው ነው። እዚህ ግን ተሳፋሪው "የማን ነው?" እንኳን ሳይል ከእጅ ወደ እጅ እያቀበለ ወደ ኋላ ላከልን። አንዲት እናት ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችልን። ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡ ሽማግሌ "አንዷን ለምሳዬ አስቀርቻለሁ" ብለው አሳቁን፤ ትንሽ ቆይቶ እሷም መጣች።

ሻሸመኔ ምሳ በላን፣ ሐዋሳ መኪና ቀየርን። ከሐዋሳ ወዲያ አረንጓዴው እየወፈረ ሄደ። መስኮት ከፍቼ አየሩን ሳብ ባደርግ የለመድኩት የሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ሽታ የለም። አየር ያለ ሽታ መኖሩን ያን ቀን አወቅኩ።

ዲላ የገባነው በዝናብ ነው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተተ ዮኒ የተከራየበት ግቢ አደረሰን። አከራዩ እትዬ ዘይነባ ግቢው በር ላይ ሱቅ አላት። እኛ ቤት አቮካዶ አንድ ተገዝቶ ለአራት ይከፈላል፤ እሷ በባልዲ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ነገ ቡሌ እንደምንሄድ ስትሰማ ሹራቤን ጫፉን ይዛ አየችው።

"በዚህ? አንተ ልጅቷን ልትገድላት ነው?" አለችው ዮኒን። ገብታ የባሏን ወፍራም ካፖርት አመጣችልኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይንጠለጠላል። "አስቀያሚ ነው፣ ግን ያሞቃል። ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።"

ሐሙስ፣ ከዲላ ቡሌ

ወደ ቡሌ መንገዱ ሽቅብ ነው። ሚኒባሱ እየጮኸ ወጣ፣ ወጣና አንድ ጭቃ ላይ እምቢ አለ። ሁላችንም ወረድን። ወንዶቹ ገፉ፣ ሴቶቹ መከሩ፣ ጎማው ደግሞ በእትዬ ዘይነባ ባል ካፖርት ላይ ጭቃውን ረጨ። ከዚያ በኋላ ያለውን በእግር ሄድነው። ብርዱ እንደ ሰኔ ጠዋት ነበር፤ ካፖርቱን እስከ አገጬ ቆለፍኩት።

እኛ አገር ሜዳው ላይ ሰው ሲመጣ ገና ከሩቅ ይታያል፤ እስኪደርስ ቤት ጠርገሽ ትጨርሻለሽ። እዚህ ሰው አይታይም። ዮኒ "ደርሰናል" ሲለኝ ፊት ለፊቴ ያለው ዛፍ፣ እንሰትና ቀርከሃ ብቻ ነው።

"የታለ ቤቱ?"

"ቆመሽበታል" አለኝ። እውነትም ከቅጠሉ ውስጥ ጭስ ይወጣል፣ ከጭሱ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሰውን ከማየትሽ በፊት ድምፁን የምትሰሚበት አገር ነው።

የወጣችው በረከት ነበረች። የቤቱ ትልቅ ልጅ ናት፤ እንደኔው አሥራ አንደኛ ክፍል። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እናትና አባቷ በቤት የሚነጋገሩት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገሩ አንቺና አንተ ይቀላቀልባቸዋል። እናቷ ቆጮውን በጎመንና በአይብ አቅርበውልኝ "አንተ ብላ እንጂ፣ እንዴት ቀጭን ነህ" ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ እንግዳ ሆኜ ሳይሆን ከልጆቻቸው እንደ አንዱ ሆኜ የተጠራሁ መሰለኝ። ሽንኩርቱን ሲያዩ ሳቁ። ዮኒን "ስኳር እንግዳ ሁሉ ያመጣል፣ ይኼ ግን አልቆ ነበር" አሉት። ዮኒ ወደኔ ዞሮ አላየኝም፤ ግን አንገቱ ቀና ብሏል።

የነበረን ዕድል አንድ ብቻ ነው። በማግሥቱ የበረከት እናት ተራ ነው፤ ሰባት ሴቶች ከጓሮ ተሰብስበው ሊፍቁላቸው ነው።

ዓርብ፣ ከጓሮ

ዮኒ ጠዋት ቁርስ እንኳን ሳይቀምስ ያስጠናኝ ጀመር። መልሱን አፋቸው ላይ እንዳታስቀምጪ። አዎ ወይም አይደለም የሚባል ጥያቄ አትጠይቂ። ደብተርሽን በአንድ በኩል ብቻ ጻፊ፣ እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ስጪው። ሃያ ሁለት ጥያቄ የተተየበበት ወረቀት ሰጠኝ። ከዚያ እሱ ደጅ ከበረከት አባት ጋር ቀረ፣ እኔ በረከትን ተከትዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

የእንሰቱ ግንድ ተቆርጦ በልጣጭ በልጣጩ ተነጥሏል። ጣውላዎች ደግሞ ከቆሙት እንሰቶች ጋር ዘንበል ብለው ተደግፈዋል። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ልጣጩን ጣውላው ላይ በአንድ እግራቸው ተረከዝ ይዘው በቀርከሃ ይፍቁታል። ወንድ የማይቀርበው ለዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ነጩ ከሥር ይከመራል፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ሰባት ቀርከሃ አንድ ላይ ሲፍቅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል።

ወረቀቴን ዘርግቼ ጀመርኩ። "በአካባቢያችሁ የሥራ መረዳዳት እንዴት ይገለጻል?" በረከት ተረጎመችው። አንዷ የሆነ ነገር አለች፣ ሁሉም ሳቁ።

"ምን አለች?"

"ፈተና ነው እንዴ አለች።"

ከሁሉም የሚበልጡት አሮጊት፣ እማማ ወርቄ፣ በጥግ ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ስለጎበጠ አይፍቁም፤ መጠቅለያውን ቅጠል ያለሰልሳሉ። በረከት ያሉትን ስትነግረኝ ሳቋን እየዋጠች ነበር። "እጅሽ ባዶ ሆኖ ማን ያዋራሻል? ነው የሚሉሽ።"

ወረቀቱን አጥፌ ካፖርቱ ኪስ ከተትኩት። ጣውላ ሰጡኝ። ተረከዜ ሦስት ጊዜ ተንሸራተተ፣ በአራተኛው ልጣጩ ተወርውሮ የበረከትን እናት ትከሻ መታ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ፤ ጠያቂዎቹ ግን እነሱ ሆኑ። እናትሽ ምን ትሠራለች? ልብስ ትሰፋለች፣ ቤት፣ በመኪና። ከማን ጋር? ብቻዋን። ሲደክማትስ ማን ይመጣል? ማንም። ማን ያጫውታታል?

"ሬዲዮ" አልኩ።

በረከት ተረጎመችው። የሳቀ ሰው የለም። የበረከት እናት ከንፈራቸውን መጠጡና ከፊቴ ያለውን ልጣጭ በቀስታ አስተካከሉልኝ። እማዬ ብቸኛ ናት ብዬ እስከዚያ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሥራ በዝቶባታል እንጂ።

ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ ሄደ። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ሃያ ሁለቱ ውስጥ የለም። "እማማ ወርቄ አይፍቁም፣ ድርሻ ግን እኩል ይወስዳሉ። ለምን ይጠራሉ?"

ቀርከሃው ሁሉ ቆመ፤ ጥያቄው ገርሟቸዋል። የበረከት እናት በአማርኛ መለሱልኝ። "እሷ ባትመጣ ተራው የማን ነው፣ ማን ያውቃል? ማን ወለደች፣ ማን ታማ ነበር፣ የማን ተራ ተዘለለ፣ ሁሉ እዚህ ነው።" ግንባራቸውን ነኩ። "እኛ እጅ ነን። እሷ ተራው ናት።"

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምሕረት ተናገረች። ምሕረት ከቆላው፣ ከቡናው አገር ከኮንጋ በቅርብ አግብታ የመጣች ሙሽራ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ዝም ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። የተናገረችው ረጅም አልነበረም። ስትጨርስ አንዷ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። በረከት ሳልጠይቃት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

ከምሳ በኋላ ጥግ ይዤ ጻፍኩ። እንደዚያ ጽፌ አላውቅም፤ እጄ ቀደመኝ። አሥራ አንድ ገጽ። ስምንተኛው የምሕረት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከሁሉም እሱ ያምራል። ወስጄ ለዮኒ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ ብድግ አለ። ሁለተኛውን አንብቦ ተቀመጠ።

"ቤዛ፣ ይሄ እኮ ምዕራፉ ራሱ ነው።" ከዚያ ድንገት ዘጋው። "እንደምትጽፊው ነግረሻቸዋል?"

"ልጠይቃቸው እንደመጣሁ ያውቃሉ።"

"እሱን አይደለም የምልሽ። ያወሩትን ቤት ገብተሽ እንደምትጽፊው ያውቃሉ?"

አያውቁም። እነሱ ያወሩት ቀርከሃ ለያዘች ልጅ ነው። ዮኒ ደብተሩን መለሰልኝ።

"እና አታነበውም? ሰኞ ምን ልትሰጣቸው ነው?"

"አላውቅም" አለ። "እስኪሰጡኝ ድረስ ግን የኔ አይደለም።"

ተናደድኩበት። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ጭቃ። የበረከት አባት ነገሩን በረከት ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ሴቶቹ ነገ ጠዋት ይጨርሳሉ፤ ከሰዓት መኪና አለ" አሉ። ያለን ጊዜ ያ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ድምፅ ከፍ፣ ድምፅ ዝቅ

ጠዋት እጄን አላጠፍኩም፤ መጀመሪያ ፋቅኩ። አንድ ልጣጭ እስከ መጨረሻው ሳይንሸራተት ሲያልቅልኝ ደብተሩን አወጣሁና በበረከት በኩል ነገርኳቸው። ትናንት ያላችሁትን ጽፌዋለሁ፣ ሳልጠይቃችሁ፣ ወንድሜ ሳትፈቅዱ አላነብም ብሏል አልኩ።

ምሕረት ቀና ብላ አየችኝ። ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ወርቄ ቅጠላቸውን አስቀመጡ። "አንብቢው" አሉ። ትንሽ አስበው "ወንድምሽ የት ነው?" አሉ።

"ደጅ።"

"ይምጣና ከእንሰቱ ወዲያ ይቁም። ማየት አይችልም፣ ወረቀት ይዞ የሚሰማውን ይጻፍ። እጄን ወደ ላይ ሳደርግ ጮክ በዪ። ወደ ታች ሳደርግ ለእኛ ብቻ።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ወንድሜ ከወፍራሙ እንሰት ጀርባ፣ ጭቃው ላይ፣ ከበረከት አባት ጋር ቆመ። እኔ የገጹን ቁጥር ለዮኒ ጮክ ብዬ እነግርና አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር አነባለሁ፣ በረከት ትተረጉማለች፣ ሴቶቹ ያርማሉ። "እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሷ ናት።" "ሳቀች ብለሽ አትጻፊ።" "እኔ ግን ስቄአለሁ፣ ጻፊው።" የእማማ ወርቄ የጎበጠ መዳፍ ሲነሳ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ፣ ከቅጠሉ ወዲያ የዮኒ ድምፅ "እሺ" ይላል፤ መዳፋቸው ሲወርድ ደግሞ ደብተሬ ላይ እሰርዘዋለሁ። ተራውን ስለማስታወስ ያሉትን ሳነብ እማማ ወርቄ እጃቸውን ሁለት ጊዜ አነሱ፤ ሁለት ጊዜ ጮህኩ።

አንድ ጊዜ የበረከት አባት ከወዲያ በጌዴኦኛ ተጣሩ፤ ሚስታቸው ሳይዘገዩ መለሱላቸው፣ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ምን አሉ?" አልኳት በረከትን።

"ስለኔስ ምን ተጻፈ? አለ። ገና አልደረስንብህም አለችው።"

ስማቸው እንደሚቀየር ስነግራቸው እዚያው ራሳቸው ስም መረጡ። እማማ ወርቄ የተባሉት "ወርቄ በሉኝ፣ ልጅ ሆኜ እመኘው ነበር" ስላሉ ነው። ምሕረትም ምሕረትን የመረጠችው እሷው ናት። እዚህ የምጠራቸው በነዚሁ ስሞች ነው።

ስምንተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የእማማ ወርቄ እጅ ወረደ። ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። በረከትም ዝቅ አድርጋ ተረጎመችው። ምሕረት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንገቷን ነቀነቀች፤ ስህተት የለበትም ማለቷ ነው። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

ገባኝ። ግን እጄ ወዲያው እሺ አላለኝም፤ ያ ገጽ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው ነበር። ቀስ ብዬ ቀደድኩት። በአንድ በኩል ብቻ ስለጻፍኩ ሌላው አልተነካም። ምሕረት አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው፣ ቀርከሃዋን አነሳች።

"ስምንተኛው አልተሰማኝም፣ ድገሚው" አለ ዮኒ ከእንሰቱ ጀርባ።

እማማ ወርቄ አዩኝ።

"ስምንት የለም" ብዬ ጮህኩ። "ዘጠኝ ነው።"

ከወዲያ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። ከዚያ "እሺ" አለ።

ስንሄድ የበረከት እናት ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። "ለእናትህ ስጥ" አሉኝ። "ተራዋ ነው በላት።"

ሰኞ፣ ዲላ

እሁድ ዮኒ ቀኑን ሙሉ ሲተይብ ዋለ፤ እኔ ካፖርቱን አጠብኩ። እትዬ ዘይነባ ሳትጠይቀኝ እንደገና አጠበችው፣ እንደኔ አስተጣጠብ አይደርቅም አለች።

ሰኞ ዶክተሯ ደብተሬንም ማየት ስለፈለጉ አብሬው ገባሁ። በዝግታ አነበቡ። ከሰባተኛው ወደ ዘጠነኛው ሲገለብጡ ቆሙ።

"ስምንተኛው የት ሄደ?"

"ባለቤቱ ጋ ነው" አለ ዮኒ።

ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ታውቂዋለሽ?"

"አዎ።"

"ትነግሪኛለሽ?"

"አልነግርዎትም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ።

ዶክተሯ ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ዮኒ የጻፈው ላይ፣ ከላይ፣ ጻፉ። ወጥተን ነው ያነበብነው። "ምዕራፉን ከስምንተኛው ገጽ ጀምር። ለምን እንደሌለ ጻፍ። እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣ።" ዮኒ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ይስቅ ይሆን ያልቅስ አልለየሁም። ምረቃው ለከርሞ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ ሞጆ

ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ፤ ዮኒ ሊጽፍ ቀረ። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ገና ከሩቅ ተቀበለኝ፣ አልጠላሁትም። እማዬ መስፊያዋ ላይ ነበረች። ሬዲዮው ያወራል። ቆጮውን ሰጠኋትና መልእክቱን ነገርኳት፤ "የምን ተራ?" አለች። ሁሉንም አወራሁላት፤ ሽንኩርቱን፣ ካፖርቱን፣ የዮኒን "እሺ"። ስትሰማኝ መኪናዋን አላቆመችም፤ መጨረሻ ላይ ግን አቆመችው።

"ለመሆኑ ስምንተኛው ገጽ ላይ ምን ነበር?" አለችኝ።

ሬዲዮውን ዘጋሁት። የቁልፍ መትከያውን መርፌ ወስጄ፣ ክር አስገብቼ፣ አንዱን ሸሚዝ ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አንቺ አውሪ" አልኳት።